ዕዳ ከሜዳ እንዳይመጣ

በደባርቅና በዳባት የእህል ነጋዴ ዓመቱ ሁለት መልክ አለው። ኅዳር ሲጋመስ ገበሬው ገብሱን፣ ስንዴውንና ባቄላውን ወደ ገበያ ማውጣት ይጀምራል። እስከ ጥር መጋዘኑ እስከ ጣሪያው በኩንታል ይሞላል፤ የነጋዴው የባንክ ሂሳብ ደግሞ ይራቆታል፤ ከተገዛውም ብዙው በብድር የተገዛ ይሆናል። ሐምሌ ሲገባ ነገሩ ይገለበጣል። እህሉ ወደ ጎንደርና ወደ ሌላው ከተማ ወጥቶ አልቋል፣ ብሩ ተመልሷል፣ ብድሩ ተከፍሏል፣ መጋዘኑ ውስጥ የቀረው ባዶ ጆንያ ነው። ንግዱ ያው ነው፤ ባለቤቱም ደንበኛውም አልተለወጡም። ነገር ግን ይህን ንግድ ለመሸጥ የተነሳ ሰው ቁልፉን በጥር ማስረከቡና በሐምሌ ማስረከቡ፣ ውሉ በደንብ ካልተጻፈ፣ የሚሊዮን ብሮች ልዩነት ያመጣል።

ንግድ ቤት ሲሸጥ ደላላውም፣ ሽማግሌውም፣ ቤተሰቡም የሚጨነቀው ለአንድ ጥያቄ ነው፦ ስንት? ሻጭና ገዢ በኋላ የሚካሰሱት ግን ብዙ ጊዜ በዚያ ቁጥር አይደለም። ቁልፉ በተሰጠ ቀን መጋዘኑ ውስጥ ምን ያህል ዕቃ ነበር? ከጀርባውስ ምን ዕዳ ነበር? የሚካሰሱት በእነዚህ ነው። በዓለም ዙሪያ ኩባንያ የሚሻሻጡ ሰዎች ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ የሚሰጡ አንቀጾችን በውላቸው ያስገባሉ። ዋጋው በርክክቡ ቀን በተገኘው የሥራ ማስኬጃ ካፒታልና በተገኘው ዕዳ ልክ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ይስተካከላል። አንቀጾቹ ለትልልቅ ኩባንያዎች ብቻ የተሠሩ ይመስላሉ፤ ይበልጥ የሚያስፈልጉት ግን ዓመቱ በመኸርና በክረምት ለሚገለባበጥበት እንደ ሰሜን ተራሮች ግርጌ ላለ ንግድ ነው።

የቆጠራው ማታ

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ሰዎቹም ቁጥሮቹም የምናብ ናቸው፤ ነገሩ ግን በየከተማው የሚታይ ነው።

በደባርቅ የእህል መጋዘንና የጅምላ ሱቅ ያላቸው አንድ አዛውንት ንግዳቸውን ለአንድ ወጣት ነጋዴ በ12 ሚሊዮን ብር ሊሸጡ ተስማምተዋል። ጊዜው ሚያዝያ ነው። ቀብድ ተከፍሏል፤ በፍትሐ ብሔር ሕጉ መሠረት ገዢው ቢያፈገፍግ ቀብዱን ያጣል፣ ሻጩ ቢያፈገፍጉ እጥፍ ይመልሳሉ። ስለዚህ ማንም ወደ ኋላ አይልም። በርክክቡ ዋዜማ ሱቁ ከውስጥ ተዘግቶ ቆጠራ ተጀመረ። አንዱ ልጅ ኩንታል ይቆጥራል፣ ሌላው ይጽፋል። ጥግ ላይ የተደረደረው ባቄላ ጋ ሲደርሱ ገዢው አንዱን ጆንያ ፈታና እፍኝ ዘግኖ አምፖሉ ሥር ያዘው። ነቀዝ ገብቶበታል።

«ጋሼ፣ ይህንንም በጤነኛው ዋጋ ነው የምንቆጥረው?»

«ልጄ፣ የገዛሁበት ዋጋ መዝገቡ ላይ አለልህ።»

«የሚሸጥበት ዋጋስ?»

አዛውንቱ ዝም ብለው የዱቤውን ደብተር ገለጡ። ስም በስም ወረዱ። የሆቴሉ፣ የዳቦ ቤቱ፣ የመንገድ ሥራው ካምፕ። ከመካከል አንዱ ከተበደረ ሦስት ዓመት አልፎታል።

«እኚህ ሰውዬ ወደ ሁመራ ከሄዱ ቆዩ ሲሉኝ አልነበረም እንዴ ጋሼ?»

«ሄደ እንጂ አልካደም። ይከፍላል፤ አባቱን አውቃለሁ።»

ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ዕቃ በተገዛበት ዋጋ ወይም በሚሸጥበት ዋጋ ሊቆጠር ይችላል። የሂሳብ አያያዝ ደንቡ ከሁለቱ ዝቅተኛውን እንዲይዙ ይላል፤ የአዛውንቱ መዝገብ ግን እንደዚያ ተይዞ አያውቅም። የቆየ ዱቤ በአንዱ ዓይን ገንዘብ ነው፣ በሌላው ዓይን ወረቀት። ውሉ ስለዚህ የሚለው ነገር ከሌለ ያ ማታ በክርክር ያልፋል።

12 ሚሊዮን እንዴት 9.7 ይሆናል?

የሥራ ማስኬጃ ካፒታል የሚባለው ሦስት ነገር ነው፦ በመጋዘን ያለ ዕቃና ከደንበኛ የሚሰበሰብ ዱቤ ተደምረው፣ ለአቅራቢ የሚከፈለው ሲቀነስ። ንግዱ በየቀኑ የሚንቀሳቀሰው በዚህ ነው። ገዢ አንድን ንግድ በ12 ሚሊዮን ብር እገዛለሁ ሲል ማግስቱን በሩን ከፍቶ መሸጥ የሚያስችለው ዕቃ ውስጡ እንዳለ አስቦ ነው። ስለዚህ ሁለቱ ወገኖች መነሻ ልክ ያስቀምጣሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ ያለፉት 12 ወራት አማካይ ይሆናል። በምሳሌያችን ልኩ 3 ሚሊዮን ብር ነው እንበል።

የቆጠራው ማታ ዕቃው 2.4 ሚሊዮን፣ ዱቤው 1.1 ሚሊዮን፣ ለአቅራቢዎች የሚከፈለው 900 ሺህ ሆነ። ሲጣራ 2.6 ሚሊዮን ነው፤ ከልኩ 400 ሺህ ይጎድላል። ጉድለቱ ከዋጋው ይቀነሳል። ከዚያ ዕዳው ይመጣል፦ አይሱዙው የተገዛበት የባንክ ብድር 2 ሚሊዮን፣ ውዝፍ ግብርና ያልተከፈለ የጡረታ መዋጮ 150 ሺህ። እሱም ይቀነሳል። በሌላ በኩል በሱቁ ባንክ ሂሳብና በካዝናው ያለው 250 ሺህ ብር የሻጩ ስለሆነ ይደመራል። ድምሩ 9.7 ሚሊዮን ብር ነው። የሁመራው ሰውዬና መሰሎቹ ዱቤ 300 ሺህ ነው እንበል፤ እሱ አይቆጠር ከተባለ ደግሞ 9.4 ሚሊዮን ይሆናል። አንድ የደብተር ገጽ 300 ሺህ ብር ዋጋ አለው ማለት ነው።

አዛውንቱ «በ12 ተስማምተን በ9.7 ልትሸኘኝ ነው?» ቢሉ አይፈረድባቸውም። ስሌቱ ግን የሰረቃቸው ነገር የለም። 12 ሚሊዮኑ ዕዳ የሌለበት፣ ዕቃው የተሟላ ንግድ ዋጋ ነበር። የአይሱዙውን ብድር ገዢው ከዋጋው ላይ ቆርጦ በቀጥታ ለባንኩ ሲከፍል አዛውንቱ ከዕዳ ነፃ ይወጣሉ።

አንዱን ይዞ አንዱን መተው

ብዙ ውል የሚበላሸው ከሁለቱ ማስተካከያዎች አንዱን ብቻ ሲይዝ ነው። ዕዳውን ማስቀነስ ማንም አይረሳም፤ ዕቃውን በልክ ማመዛዘን ግን ይረሳል።

የአይሱዙውን ብድር ለጊዜው ትተን ያንኑ ንግድ በሁለት ወራት እንየው። በጥር መጋዘኑ ሞልቷል፤ የሥራ ማስኬጃ ካፒታሉ 5 ሚሊዮን ደርሷል። ከልኩ የበለጠው 2 ሚሊዮን ግን በባንክ ብድር የመጣ ነው። ሁለቱም ማስተካከያ ከተሠራ 12 ሲደመር 2 ሲቀነስ 2፣ መልሱ 12 ሚሊዮን ነው። ዕዳው ብቻ ከተቀነሰ ግን ሻጩ 10 ሚሊዮን ይቀበላሉ፤ በዚያ ብድር የተገዛው እህል በነፃ ለገዢው ይቀራል። በሐምሌ ደግሞ የሥራ ማስኬጃ ካፒታሉ ወደ 1.2 ሚሊዮን ወርዷል፤ የጎደለው 1.8 ሚሊዮን ብር ሆኖ ባንክ ተቀምጧል። ሁለቱም ከተሠራ 12 ሲቀነስ 1.8 ሲደመር 1.8፣ አሁንም 12 ነው። ብሩ የሻጩ ነው ተብሎ የመጋዘኑ መራቆት ካልተቀነሰ ግን ሻጩ 13.8 ሚሊዮን ይዘው ይወጣሉ፤ ገዢው ለኅዳር እህል መግዣ አዲስ ብድር ፍለጋ ይወጣል።

ሁለቱም ማስተካከያ ሲሠራ እንግዲህ ወሩ ማንንም አይጠቅምም፣ ማንንም አይጎዳም። ዕቃ፣ ዱቤ፣ ጥሬ ብርና ዕዳ እርስ በርስ ይለዋወጣሉ። ሻጭ ከርክክቡ ሁለት ወር በፊት ዕቃውን አራግፎ ቢሸጥ፣ ዱቤውን ተሯሩጦ ቢሰበስብ፣ አቅራቢውን «ሰሞኑን እሰጥሃለሁ» እያለ ቢያቆይ፣ ካዝናው ይወፍራል፣ ንግዱ ግን አጥንቱ ይቀራል። የሥራ ማስኬጃ ካፒታል ማስተካከያ የተፈጠረው ይህን መንገድ ለመዝጋት ነው።

እዚህ ላይ አገራችን የራሷ ወጥመድ አላት። የበጀት ዓመታችን የሚዘጋው ሰኔ 30 ነው። ኦዲት የተደረገው የሀብትና ዕዳ መግለጫም የዚያን ቀን ያሳያል። ለደባርቅ እህል ነጋዴ ያ ቀን ብድሩ የተከፈለበት፣ ባንኩ የሞላበት፣ መጋዘኑ የተራቆተበት ሰሞን ነው። ያንን አንድ ወረቀት ብቻ አይቶ የሚገዛ ሰው የታኅሣሡን ብድር ከቶ አያየውም። ስለዚህ ልኩ በየወሩ በተያዘ ሂሳብ ላይ መመሥረት አለበት። ወራቱም መመረጥ አለባቸው፤ በጥቅምት 2013 የተጀመረው የሰሜኑ ጦርነት እስከ ደባርቅ አፋፍ በደረሰበት ዓመት የነበረ አማካይ የጤነኛ ዓመት ልክ ሊሆን አይችልም።

የተበላ ቀብድ

ከደባርቅ ተነስቶ በሳንቃበርና በአምባራስ አድርጎ ወደ ጨነቅ በሚወስደው መንገድ ዙሪያ የሚኖረው ሌላው ንግድ ቱሪዝም ነው። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል፤ በ1996 አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ገብቶ በ2017 ወጥቷል። እንግዳ የሚበዛው ክረምቱ ካለፈ በኋላ፣ ከመስከረም መጨረሻ እስከ መጋቢት ነው። አስጎብኚ ድርጅቶች ለዚያ ወቅት ክፍል የሚይዙት ቀደም ብለው፣ ቅድሚያ ከፍለው ነው።

አሁን አንድ ሎጅ በነሐሴ ተሸጠ እንበል። ባንክ ያለው ብር ጥሩ ይመስላል። ነገር ግን ከዚያ ውስጥ ብዙው ጥቅምት ላይ ለሚመጣ እንግዳ የተከፈለ ነው። ሻጩ ብሩን የእኔ ነው ብሎ ቢወስድ፣ እንግዳውን የሚያሳድረው፣ የሚመግበው፣ ውኃ የሚያሞቅለት ገዢው ነው፤ ያውም ያለ ክፍያ። ቅድሚያ ክፍያ የባንክ ብድር አይደለም፤ ወለድም የለበትም። ዕዳነቱ ግን አይቀርም። በውሉ ውስጥ ዕዳ የሚለው ቃል ሲተረጎም ከባንክ ብድር አልፎ እንዲህ ያሉትን በስም መዘርዘር የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ዝርዝሩ ውስጥ ሠራተኛው መዘንጋት የለበትም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የድርጅት ባለቤትነት መተላለፍ የሥራ ውልን አያቋርጥም ይላል። ያልተወሰደ የዓመት ፈቃድና ያልተከፈለ ደመወዝ ስለዚህ ከሠራተኛው ጋር አብረው ይሻገራሉ። የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ መዋጮ 11 በመቶ ከአሠሪው፣ 7 በመቶ ከሠራተኛው ነው፤ ወራት ከተዘለሉ ሁለቱም ይከማቻሉ። ግብርም እንደዚሁ ነው፤ ለዚህ ነው ጠንቃቃ ገዢ የግብር ክሊራንስ ሳያይ ብር የማይለቀው።

መጠንቀቅ የሚያሻው ሌላ ነገር አለ። አንድ ዕዳ ሁለት ጊዜ መቆጠር የለበትም። የሰኔ ያልተከፈለ የኤሌክትሪክ ሂሳብ ከተከፋይ ሂሳብ ውስጥ ገብቶ የሥራ ማስኬጃ ካፒታሉን ከቀነሰ፣ ዕዳ ተብሎ ዳግም ከዋጋው ሊነሳ አይገባም። ሁለት ሦስት ገጽ የሚፈጀው የውሉ አባሪ የሚጻፈው ለዚህ ነው፤ እያንዳንዱ የሂሳብ መደብ በየትኛው ወገን እንደሚውል በናሙና ስሌት ተሠርቶ ይታያል።

ከቢራ ፋብሪካ እስከ ስኳር

በትልልቆቹ ሽያጮችም ነገሩ ያው ነው። ስሙን ከራስ ዳሸን ተራራ የወሰደው የጎንደሩ ዳሸን ቢራ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ2012 ዱዌት እና ቫሳሪ የተባሉ የውጭ ባለሀብቶች በ90 ሚሊዮን ዶላር ድርሻ ገዝተውበታል። ሄኒከን በ2011 በደሌንና ሐረርን በ163 ሚሊዮን ዶላር፣ ዲያጆ በ2012 ሜታ አቦን በ225 ሚሊዮን ዶላር ከመንግሥት ገዝተዋል። የቢራ ፋብሪካን ሂሳብ የሚያጣራ ባለሙያ እንደ እህል ነጋዴው መጀመሪያ የሚያየው ገብሱን ነው፤ በመኸር የተገዛ የዓመት የብቅል ገብስ መጋዘን ይሞላል፣ ካዝና ያራቁታል። ቀጥሎ ጠርሙስና ሳጥን ይመጣል። አከፋፋዩ ለሳጥን ያስያዘው ብር በፋብሪካው እጅ ያለ የሰው ገንዘብ ነው፤ ሳጥኑ ሲመለስ ይመለሳል። ዕዳ ነው ወይስ የሥራ ማስኬጃ ካፒታል አካል? ሁለቱም ያስኬዳል፤ ያልተጻፈ እንደሆነ ግን ያጣላል።

መንግሥት ራሱ ዕዳን ከንግዱ ለይቶ መሸጥን በስኳር ፋብሪካዎች ላይ ሞክሯል። ስምንት ፋብሪካዎች፣ በአማራ ክልል ያለው ጣና በለስ ጭምር፣ እ.ኤ.አ. በ2022 ለጨረታ ሲቀርቡ ከግንባታቸው ጀምሮ የተከማቸውን ዕዳ ተሸክሞ የሚገዛ ባለሀብት ማግኘት የማይታሰብ ነበር። ከዚያ ቀደም ብሎ በ2013 ዓ.ም. የዕዳና ሀብት አስተዳደር ኮርፖሬሽን ተቋቁሞ የስኳርንና የሌሎች የልማት ድርጅቶችን ዕዳ እንዲረከብ ተደርጎ ነበር። ገዢው ንግዱን ይመዝናል፤ ዕዳው ግን አልጠፋም፣ ባለቤት ተለወጠለት እንጂ።

የውጭ ምንዛሪው ሌላ ትምህርት ሰጥቷል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ እንዲመራ ሲደረግ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በፊርማና በርክክብ መካከል በዚያ ሐምሌ የተያዘ፣ ለውጭ አቅራቢ በዶላር የሚከፍል ንግድ ዕዳው በአንድ ክረምት ወደ እጥፍ ተጠግቷል። የትኛው ቀን ምንዛሪ ይያዛል የሚለው አንድ መስመር ያን ጊዜ ከሙሉ ድርድሩ ይበልጥ ነበር።

ልዩነቱ ሁለት ቢሊዮን ሲሆን

ማስተካከያው ራሱም መሣሪያ ሊሆን ይችላል። የቶሺባ ንብረት የነበረው ዌስቲንግሐውስ እ.ኤ.አ. በ2015 መጨረሻ ከቺካጎ ብሪጅ ኤንድ አይረን የኒውክሌር ግንባታ ኩባንያውን ስቶን ኤንድ ዌብስተርን ተረከበ። በርክክቡ ዕለት የሚከፈለው ዋጋ ዜሮ ነበር፤ የሥራ ማስኬጃ ካፒታሉ መነሻ ልክ 1.174 ቢሊዮን ዶላር። ሻጩ ከልኩ በላይ ስላለ 428 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ይከፈለኝ አለ። ገዢው በበኩሉ ካፒታሉ ጭራሽ ከዜሮ በታች ወርዷል፣ ከሁለት ቢሊዮን ዶላር በላይ ይመለስልኝ አለ። ልዩነቱ የመጣው ሻጩ ለዓመታት ሲጠቀምበት የነበረውን የሂሳብ አያያዝ ገዢው ስህተት ነው ብሎ ስለተነሳ ነው።

በአሜሪካ የዴላዌር ግዛት ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2017 ለሻጩ ፈረደ። ማስተካከያው የሚይዘው ከፊርማ እስከ ርክክብ ባለው ጊዜ የመጣውን ለውጥ ነው፤ ያውም በቀድሞው የአቆጣጠር ስልት። የድሮ ሂሳብን ከሥሩ ለመናድ አያገለግልም አለ። ለደባርቁ መጋዘን ሲተረጎም፣ ዱቤ ሲደራደሩ በሙሉ ከተቆጠረ በርክክብም በሙሉ ይቆጠራል፤ ገዢው የቆየ ዱቤ አልቀበልም የሚል ከሆነ መናገር ያለበት ልኩ ሲቀመጥ ነው።

ሽማግሌና ሂሳብ አዋቂ

ሕጋችን ለገዢና ለአበዳሪ የተወሰነ ከለላ ሰጥቷል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ ዣን ኤስካራ ጀምረውት አልፍሬድ ዦፍሬ የጨረሱት ነው፤ የንግድ መደብር ሽያጭንም በፈረንሳይ ልማድ በጽሑፍ፣ በምዝገባና በማስታወቂያ አስሮታል። ዓላማው የሻጭ አበዳሪዎች ሽያጩን ሰምተው መብታቸውን እንዲጠይቁ ነው። የነጋዴዎችና የንግድ ማኅበራት ክፍሉ በ2013 በአዋጅ ቁጥር 1243 ተተክቷል። የተንቀሳቃሽ ንብረት ዋስትና አዋጅ ቁጥር 1147/2011 ደግሞ ዕቃን፣ ሰብልን፣ ተሰብሳቢ ሂሳብን ሳይቀር ለብድር ማስያዝ ፈቅዶ መዝገቡን በብሔራዊ ባንክ ሥር አድርጓል። ስለዚህ መጋዘን ውስጥ ያለው ገብስ የባንክ መያዣ ሊሆን ይችላል፤ ኩንታሉን ከመቁጠር መዝገቡን ማየት ይቀድማል። የኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበርን አክሲዮን የሚገዛ ሰው ደግሞ ይበልጥ ይጠንቀቅ፤ ማኅበሩ ከነዕዳው ያው ማኅበር ነውና ያልታየ ዕዳ ሁሉ አብሮ ይገባል።

ክርክር ሲነሳ በእኛ አገር መጀመሪያ የሚጠራው ሽማግሌ ነው። ሽማግሌ ሰዎችን ያስታርቃል፤ ይህ ትልቅ ዋጋ አለው። ቁጥር ሲቀርብለት ግን መሀል ለመሀል መክፈል ይቀናዋል። አንዱ 400 ሺህ፣ ሌላው ዜሮ ካለ 200 ይፈርዳል። መሀሉ የሚከፈል መሆኑን የሚያውቅ ሰው ደግሞ 400ውን 800 አድርጎ ይመጣል። ስለዚህ የቁጥሩ ክርክር ሁለቱም አስቀድመው ለመረጡት ገለልተኛ ሂሳብ አዋቂ ቢሰጥ፣ የፀባዩ ጉዳይ ለሽማግሌ ቢቀር ይሻላል። ሂሳብ አዋቂው የሚወስነው በተለዩት ነጥቦች ላይ ብቻ፣ በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ብቻ፣ በአባሪው ስልት ብቻ እንደሆነ ይጻፍ። እስከዚያ ከዋጋው የተወሰነው በዝግ ሂሳብ ቢቆይ አሸናፊው ገንዘቡን ፍለጋ አይዞርም።

ይህን ሁሉ መሸከም የማይፈልጉ ሰዎች ሌላ መንገድ አላቸው፦ ቁርጥ ዋጋ። ባለፈ አንድ ቀን በተዘጋ ሂሳብ ላይ ዋጋው ይቆረጣል፤ ከዚያ ወዲያ ሻጩ ከንግዱ አንዳች ላይወስድ ይምላል፤ ርክክብ ላይ ቆጠራ የለም። መዝገቡ ለታመነ ንግድ ይህ ቀላልና ጥሩ ነው። ሂሳቡ በደብተርና በትዝታ ለሚሄድ ሱቅ ግን አይሆንም፤ የሚቆረጥበት የታመነ ቀን የለውምና።

በየትኛውም መንገድ፣ ከዋጋው በፊት የአቆጣጠሩን ደንብ መደራደር ይሻላል። ገና ቆጠራ ሳይጀመር ነቀዝ የበላው ባቄላ፣ የሁመራው ዱቤ፣ የሎጁ ቀብድ ማንን እንደሚጎዳ ሻጭም ገዢም በእርግጠኝነት አያውቁም፤ ስለዚህ ሁለቱም ሚዛናዊ ደንብ ለመጻፍ አይከብዳቸውም። ቆጠራው ካለቀ በኋላ ግን እያንዳንዱ መስመር የማን ኪስ እንደሚነካ ይታወቃል፤ ያኔ ሚዛናዊ ደንብ የሚጽፍ ሰው ከራሱ ገንዘብ ቆርጦ መስጠት አለበት። ያንን የሚያደርግ ነጋዴ ደግሞ በደባርቅም፣ በዴላዌርም ጥቂት ነው።